ካዛንቺስ፦ የሠራተኛው ሰፈር

ለቢሮ የሚሆን ሰፈር ሲመረጥ ኪራዩና የመኪና ማቆሚያው ይጠየቃል፤ የሰፈሩን ታሪክ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ካዛንቺስን አብነት አድርጌ ታሪኩም ይጠየቅ እላለሁ።

ስሙ ራሱ ምስክር ነው። «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የኢጣሊያ ድርጅት ምህጻረ ስም ነው። ሰፈሩ በወረራው ዘመን ሲቆረቆር የቢሮ ሰው ማደሪያ ነበር። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ቢሮው ራሱ ወደ ሰፈሩ ደጃፍ መጣ። ሠራተኛውን ምሳ ያበላው፣ ቡና ያጠጣው፣ ጫማውን የጠረገለት የመንደሩ ነዋሪ ነው።

በ2017 ዓ.ም. አሮጌው መንደር ለኮሪደር ልማት በብዛት ሲፈርስ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ደምቋል፤ ይህ አይካድም። ይሁንና ቢሮ በመስታወት ብቻ አይቆምም። እንግዲህ የኪራይ ውል የሚፈርም ሰው ስለ አሳንሰሩ ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ጸሐፊዬና ዘበኛዬ ምሳቸውን የት ይበላሉ? ለዚህ መልስ የሌለውን ሰፈር ታድሷል ለማለት እኔ አልደፍርም።