በምላሽ የሚቃና ስሌት

በእንግሊዝኛ «ሂዩማን ኢን ዘ ሉፕ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውን ስልት እዚህ «በምላሽ የሚቃና ስሌት» ብለነዋል። ኮምፒውተሩ ከብዙ የንድፍ አማራጮች መካከል የተሻለውን ይፈልጋል፤ ፍለጋውን በየደረጃው የሚያቀናው ግን የተጠቃሚው ምላሽ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር ገበሬው ቁጥር እየተጫነ የግብርና ምክር በድምፅ የሚሰማበት ነው። በዚህ ዓይነት ለሸዋ ቤንች ወረዳ ቡና አምራች አንድ መስመር ይዘጋጅ እንበል። ለቀማ፣ ማድረቅና የበሽታ መከላከል የሚሉት ሦስት ምርጫዎች በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ። በ4 ዓይነት የንግግር ፍጥነትና በ4 ዓይነት የዕረፍት ርዝመት ሲባዙ 96 ንድፎች ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በገበሬ ላይ መሞከር ማሰልቸት ነው። «ቤይዚያን ኦፕቲማይዜሽን» የተባለው ዘዴ ጥቂቱን ብቻ ያስሞክራል፤ ያልተሞከሩት ምን ያህል እንደሚሠሩና ግምቱ የቱ ላይ እንደሚያጠራጥር አስልቶ ቀጥሎ የሚፈተነውን ይመርጣል።

ስሌቱ ግን የተሰጠውን ግብ ብቻ ነው የሚያሳድደው። ግቡ «ጥሪው ቶሎ ይለቅ» ከሆነ፣ የፈለገውን አግኝቶ የዘጋ ገበሬና ምርጫው ግራ አጋብቶት ተስፋ ቆርጦ የዘጋ ገበሬ በመዝገቡ ላይ አንድ ናቸው። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚያባርር ንድፍ አሸናፊ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የማን ምላሽ ይቆጠራል የሚለው ነው። መስመሩን ትተው የሄዱት፣ ጨርሶም ያልደወሉት ካልተጠየቁ ማሽኑ ቀድሞ የተመቸውን ሰው ይበልጥ ሲያመቻች ይኖራል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ «ምክሩ ገባዎት? ሠሩበት?» ብሎ በቋንቋቸው የሚሰበስበው መልስ ከጥሪ ርዝመት ይልቅ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ጥሩ ንድፍ አውጪ ካለ ስሌቱ ለምን?» የሚሉ አሉ። ባለሙያው አማራጮቹንና ገደቦቹን ያውቃል፤ የ96ቱን ጥምረት ውጤት ግን በግምት መለየት አይችልም። በሌላ በኩል ስሌቱ ብቻውን የማይደርስበት ነገር አለ። የዚህ ቡና አምራች ቋንቋ የሆነው ቤንችኛ አምስት የተለያየ ከፍታ ያላቸው ቃናዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ቃና ያሉት፣ ቃና የቃልን ፍቺ የሚለውጥበት ቋንቋ ነው። ቃናውን የሳተ የማሽን ድምፅ የቱንም ያህል ጥርት ቢል ሌላ ነገር ይናገራል። ትክክለኛው ቃና በሙከራ የሚደረስበት ሳይሆን ተናጋሪዎቹ አስቀድመው ሊያሰምሩት የሚገባ ድንበር ነው።

ሌላው ሥጋት ስልቱ ሰውን መሞከሪያ ያደርገዋል የሚለው ነው። ሥጋቱ እውነት አለው፤ መልሱ ግን ግቡን በአደባባይ መወሰን ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው፣ አዜርቲ የተባለው የኪቦርድ አደራደር አዲስ ደረጃ በዚህ መንገድ ተሠርቷል። ስሌቱ የልዩ ምልክቶችን ቦታ ሲፈልግ ፍጥነትን፣ የእጅ ምቾትንና ለመማር ቀላል መሆንን መዘነ፤ የባለሙያዎች ኮሚቴና ሕዝቡ በረቂቁ ላይ አስተያየት ሰጡ፤ ንድፉም በዚያ ታረመ። ለቡና አምራቹም መብቱ ከዚህ ማነስ የለበትም። ቁጥር ተጫን ከመባሉ በፊት፣ «የተሻለ» ማለት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ሊጠየቅ፣ መልሱም በስሌቱ ውስጥ ሊገባ ይገባል።