የቀረው ናዳ

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኛ የካ ሠፈር በረዶ ወረደ። ቆርቆሮውን ከበሮ አድርጎ ሲደልቅ ቆየና ሲያባራ፣ ቀና ብንል የእንጦጦ ትከሻ ነጭ ነጠላ ደርቧል። ልጆች በሳህን እያፈሱ ይቀምሳሉ። አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ በራቸው ላይ ቆመው፣ “አንተ መምህር፣ ፈረንጅ አገር ገባን እኮ!” አሉኝ። ሳቅን። ትንሽ ቆየት አሉና፣ “ይልቅ ወንዝ ዳር ላሉት ንገሯቸው። ይሄ ሁሉ ሲቀልጥ ወዴት የሚሄድ መሰላችሁ?” አሉ።

አማርኛችን በዚህ ነገር ቆጣቢ ነው። ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ እንደ ጥጥ የሚነጠፈውም በረዶ ነው። “አመዳይ” የሚል ቃል ነበረን፤ ከዳዊት ደጋሚ በቀር ግን ማን ያነሣዋል? አባቶቻችን አያውቁትም ማለት አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ መጥቶ፣ ስሙ የጠፋ አንድ ንጉሥ በግሪክኛ ያስቀረጸውን የዘመቻ ዝርዝር ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ የሰሜን ተራሮችን ሲያነሣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። ልብ በሉ፤ የሚያወራው ስለ ድሉ ነው። ቢሆንም ቁልቁለቱን ከጠላት እኩል ቆጥሮታል።

ዛሬም ራስ ዳሸን አካባቢ አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል፤ መንደር የሚቀብር ናዳ ግን አይሆንም። ያንን የሚያውቁት የአልፕስ ሰዎች ናቸው። እዚያ በረዶው እንደ መሶብ እንጀራ ይነባበራል። ከመሐል አንዱ ንብርብር ልል ከሆነ የላዩ ሁሉ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ በተለይ ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ እንደሆነ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1950/51 ክረምት ከ260 በላይ ሰዎች በዚህ አልቀዋል። ስዊሶች ለዚሁ ጉዳይ ዳቮስ ላይ ተቋም አላቸው። በረዶውን እየቆፈሩ ንብርብሩን ይመረምራሉ፤ ክረምቱን በሙሉ የትኛው ተራራ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለሕዝብ ያሳውቃሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ለነፍስ አድን ሠራተኛ የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ወገንህ ሲቀበር ብታይም ከመሮጥህ በፊት ወደ ላይ ቀና በል፣ ያልወረደ የቀረ እንዳለ እይ።

“ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?” ትሉኝ ይሆናል። እንጦጦ በረዶ አይከማችበትም፤ ቁልቁለትነቱ ግን አልቀረለትም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ ከተማ እዚያ ነበር። ጽዱና ወይራው ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ። የእንጨቱ ችግር ስለጠና ንጉሡ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው ነበር። ያተረፈን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባለውለታችን ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም። ቅጠሉም ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ዝናቡ ባዶ አፈር ያገኝና ሳይሰርግ ይንደረደራል። ከዚያ በኋላማ በቀበና በኩል የሚያልፈው በሰው ደጃፍ ነው። ከላይ የወረደ ውኃ ታች ያለውን ምን እንደሚያደርግ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ፣ በደቻቱ ወንዝ አይተናል።

የባሰውን ደግሞ ጎፋ ላይ አየን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ኮረብታው ተናደ። ጥቂት ቤተሰቦች ተቀበሩ። እሪታው ሲሰማ ጎረቤቱ፣ የአካባቢው ሹማምንት ሳይቀሩ፣ ደርሰው በእጃቸውና በአካፋ መቆፈር ያዙ። የቀረው ኮረብታ በእነሱ ላይ ወረደ። ከ240 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። የዜና ሰዎች “የመሬት መንሸራተት” አሉት። መንሸራተትማ ልጅ ጭቃ ላይ የሚደርስበት ነው። ያ ናዳ ነበር።

እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። በእኛ አገር እሪ ሲባል የማይደርስ ጎረቤት ሰው አይባልም። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። እነዚያን ሰዎች በደግነታቸው የምወቅስበት አፍ የለኝም። የምለው፣ ለደግነታችን ዘብ እናቁምለት ነው። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው። ሌላው ሲቆፍር ቁልቁለቱን ብቻ የሚያይ፣ አፈር ሲንቀሳቀስ “ሽሹ!” የሚል አንድ ሰው ቢጨምርበት ምን ይጎዳል? መሬቱ እኮ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። ይሰነጠቃል፣ ዛፍ ያዘነብላል፣ የጠራው ምንጭ በድንገት ይደፈርሳል።

የዚያን ዕለት በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሌሊቱን ሲያጓራ አደረ። አዛውንቷ እኛ ስንስቅ የልጅ ልጃቸውን ልከው ወንዝ ዳር ያሉትን አስነግረው ኖሯል። እኔ፣ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያነበብኩት ሰውዬ፣ በረዶ ስቀምስ ነበር።