የዓይን ሞራ ይገፈፋልን?
በዓይን ምርመራ ትምህርታዊ ቪዲዮ ላይ ስለተነሣ የቃላት ጥያቄና ስለ ታሪኩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛና በሕክምና መስጫዎች ተራ ለሚጠብቁ ሕሙማን እንዲታይ የተዘጋጀ አንድ ትምህርታዊ ቪዲዮ የአማርኛ ትረካውን እንዳርም ቀርቦልኝ ነበር። ምስሉ በምርመራ መሣሪያ ጎልቶ የተነሣ ዓይን ያሳያል፤ በብሌኑ ቀዳዳ ውስጥ ነጣ ያለ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል። ተራኪው ግን «በዓይን ላይ የተጋረደው ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል» ይላል። ምስሉ «ውስጥ» ሲል ቃሉ «ላይ» ይላል። እንዲህ ያለ ግጭት በመጽሐፍ ላይ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፤ በቪዲዮ ላይ ግን ዓይንና ጆሮ በአንድ ጊዜ ስለሚመሰክሩ አይሸሸግም። ተመልካቹ ከሁለቱ የሚያምነው ጆሮውን ይመስለኛል፤ ምስሉ እንግዳ ሲሆን ቃሉ የራሱ ነውና።

ሞራ ምን እንደ ሆነ በግ ሲታረድ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ የሆድ ዕቃን የሚሸፍን፣ በስሱ የተዘረጋ ነጭ ስብ ነው። ወደ ብርሃን ሲያዩበት ብርሃኑን በከፊል ያሳልፋል እንጂ ከወዲያ ያለውን ነገር ለይቶ አያሳይም። ለዓይን በሽታው ይህን ስም ያወጣለት ሰው አስተዋይ ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ ብቻውን አልመጣም፤ ሞራ ከሆድ ዕቃ ላይ የሚገፈፍ ነገር በመሆኑ ግሡንም አስከትሎ መጣ። በኋላም ለፀሐይና ለጨረቃ የምንናገረው «ግርዶሽ» ተጨምሮበት «የዓይን ሞራ ግርዶሽ» ተባለ። ሦስቱም ቃላት የሚሉት አንድ ነው፤ ጤነኛውን ነገር ከውጭ የመጣ ነገር ሸፍኖታል ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ የአማርኛ ተናጋሪ ብቻ ስሕተት እንዳይመስለን የሌሎችን ቋንቋዎች ታሪክ መመልከት ይበጃል። የዐረብ ሐኪሞች በሽታውን «የውሃ መውረድ» ይሉት ነበር፤ በብሌኑና በሌንሱ መካከል የሚወርድና የሚረጋ ፈሳሽ አለ ብለው ያምኑ ነበርና። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፍሪካዊው ኮንስታንቲን የዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍትን ወደ ላቲን ሲመልስ «ካታራክታ» አለው፤ ትርጉሙ ፏፏቴ፣ ወይም ከላይ ወደ ታች የሚለቀቅ የበር መዝጊያ ነው። ሐኪሞቹም በመርፌ ወደ ታች የሚገፉት ያንን የረጋ ፈሳሽ ወይም ስስ ቆዳ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1705 ፈረንሳዊው ሚሼል ብሪሶ ይህንኑ ሥራ በሞተ ወታደር ዓይን ላይ ከፈጸመ በኋላ ዓይኑን ከፍቶ ተመለከተ። በመርፌው የገፋው ጥራቱን ያጣውን የዓይን ሌንስ ራሱን ነበር። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ነገሩን ወዲያውኑ አልተቀበለውም፤ ያመነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ዣክ ዳቪየል ሌንሱን ወደ ታች መግፋቱን ትቶ ከዓይን አወጣው። ሐሳቡ ሲፈርስ «ካታራክታ» የሚለው ስም ግን አልፈረሰም። ዛሬ የዓይን ሐኪም ይህን ቃል ሲጠራ ፏፏቴን አያስብም።

ስለዚህ «ሞራ» ይሻር የሚለውን አስተያየት አልደግፍም። ስም ከጊዜ ብዛት ሥዕሉን ይረሳል፤ ግሥ ግን ድርጊት ስለሆነ አይረሳም። ጥፋቱ ያለው «ይገፈፋል» በሚለው ላይ ነው። የሚገፈፍ ነገር ዛሬ ባይገፈፍ ነገ ይገፈፋል፤ «እስኪበስል» ቢቆዩም ጉዳት የለውም ያሰኛል። ይህ ለሞራው ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሰው የእይታ መድከምን ሁሉ ሞራ ሲል ግላኮማም በዚያው ስም ይጠራል፤ በግላኮማ የሚጎዳው ሌንሱ ሳይሆን ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ስለሆነ የጠፋው እይታ ተመልሶ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉ ሞራ፣ 5.2 በመቶው ግላኮማ ሆኖ ተገኝቷል። የሁለቱን ልዩነት የማያስረዳ ትረካ ሁለተኛውን ሕመምተኛ እቤቱ ያስቀምጠዋል።

እርማቱ ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። በመጀመሪያ «የደፈረሰ ሌንስ» ብዬ ጻፍሁ፤ ጥሩ ውሃ ሲደፈርስ ግልጽነቱን ስለሚያጣ ምሳሌው የተሟላ መሰለኝ። ነገር ግን በአማርኛ «ዓይኑ ደፈረሰ» ማለት ቀላ ማለት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ቃሉን ሰረዝሁት። «ሌንስ»ንም በትምህርት መጻሕፍት የተለመደው «ምስሪት» ይተካው ወይ ብዬ አመንትቼ ነበር፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ከመነጽር ቤት የሚያውቀውን ቃል መረጥሁ። ምስሪት ለፊዚክስ ክፍል ይቆይ።

የመመርመሪያ መሣሪያዎቹ ስምም ሌላ ጣጣ አለበት። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ ሲያስተዋውቅ በጀርመንኛ «የዓይን መስተዋት» ብሎ ሰየመው። ብሌን ጥቁር መስሎ የሚታየው የገባው ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስና የተመልካቹ ራስ መንገዱን ስለሚጋርድ መሆኑን ተረድቶ፣ ብርሃኑን በመስተዋት ከጎን አስገባው። ስያሜውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው ግን ሰሚው መነጽር ይመስለዋል። ለሕመምተኛው «ሐኪሙ የዓይንዎን ውስጥ በብርሃን የሚያይበት መሣሪያ» ማለት በቂ ነው። በነገራችን ላይ ግእዙ ብሌንን «ብንተ ዓይን» ይለዋል፤ «ብንት» በዐረብኛ ሴት ልጅ ናት፤ የላቲኑም ቃል ትንሽ ልጃገረድ ማለት ነው። ወደ ሰው ዓይን ቀርቦ የሚመለከት ሰው የራሱን ትንሽ ምስል እዚያ ስለሚያይ ይሆናል። ዛሬ ግን «ብሌን» አንዳንዴ ቀዳዳውን፣ አንዳንዴ ጥቁሩን ክፍል፣ አንዳንዴም የዓይኑን ኳስ ሁሉ ስለሚያመለክት፣ ትረካው «ጠብታው ብሌኑን ያሰፋል» ሲል ምስሉ ቀዳዳውን ማሳየቱ ግድ ነው።

የቪዲዮው ሁለተኛ ክፍል ስለ ትራኮማ ነበር። ተራኪው «ማዝ» ብሎታል። ቃሉ ቤተኛ ቢሆንም ሰሚውን የሚያሳስበው የሚያዥ ዓይንን ነው። የግሪኩ ቃል ግን ሸካራነት ማለት ሲሆን፣ የሚታየው ላይኛው የዓይን ቆብ ሲገለበጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ቀላል አመዳደብ ከአምስቱ ምልክቶች አንዱም ዓይናር አይደለም። በመጨረሻ ደረጃ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚቧጭራትና ፀጉሩን በወረንጦ የምትነቅል ባልቴት፣ ዓይኗ ስለማያዥ ብቻ «የእኔስ ማዝ አይደለም» ብትል አይፈረድባትም። በዚህ ስፍራ እንግዳውን ቃል «ትራኮማ» እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረብሁ።

ቤተኛው ቃል ሁልጊዜ ይሸነፋል ማለቴ አይደለም። «ዳፍንት»ን ማንም አያርመውም። ሲመሽ ማየት የሚሳነው ሰው ሕመም ነው፤ አለቀ። የአውሮፓ ሐኪሞች ግን ከግሪክ የወረሷቸውን ሁለት ቃላት አንዱ ለሌሊት ሌላው ለቀን ዕውርነት መሆኑን ሳይስማሙ ስለኖሩ፣ በፈረንሳይኛ የሌሊቱን የሚያመለክተው ቃል በእንግሊዝኛ የቀኑን ያመለክታል። የቪዲዮው ተርጓሚ ዳፍንትን ትቶ «የሌሊት ዕውርነት» ብሎ ነበር፤ መለስሁት።

ስለ ሞራው የጻፍሁት ዐረፍተ ነገር በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፤ «የዓይን ሞራ የሚባለው የዓይን ውስጥ ሌንስ ጥራቱን ሲያጣ ነው፤ ሐኪሙ ሌንሱን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል»። አዘጋጆቹ ረዘመ ብለው ጥቂት ቅር ተሰኙ። ምስሉ ግን ይህን ያህል ጊዜ ይቆይ ነበር።