ብልጭ ድርግም፦ ከሲኒማ መጋረጃ እስከ ኤል ኢ ዲ ስክሪን

የተንቀሳቃሽ ምስል ታሪክ የብርሃን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የጨለማም ታሪክ ነው። በሲኒማ መጋረጃም ሆነ በኤል ኢ ዲ ስክሪን ላይ ብርሃኑ ሳያቋርጥ የሚፈስ ቢመስልም፣ በእርግጥ በየቅጽበቱ ይበራል፤ ይጠፋል። «በሰከንድ ስንት ጊዜ ይብራ?» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የጥበብ ሰዎችንና መሐንዲሶችን ሲያነጋግር ኖሯል። መልሱ በየዘመኑ የተለዋወጠውም በአንድ በኩል የተመልካቹ ዓይነት፣ በሌላ በኩል ወጪው ስለሚወስነው ነው።

ሉሚየር ወንድማማቾች በዲሴምበር 28 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ በግራን ካፌ ፊልማቸውን ለሕዝብ ባሳዩ ጊዜ፣ በእጅ የሚዞረው መሣሪያቸው በሰከንድ 16 ያህል ምስሎችን ያሳልፍ ነበር። ይህ ቁጥር እንቅስቃሴን ለማሳየት ቢበቃም፣ የብርሃኑ ብልጭ ድርግም ማለት ዓይንን ያውክ ነበር። ምስሎቹን ማብዛት ደግሞ ብዙ ፊልም ይፈጃል። ስለዚህ በፕሮጀክተሩ ላይ የሚሽከረከረው መዝጊያ ሦስት ክንፍ እንዲኖረው ተደረገ። እያንዳንዱ ምስል ሦስት ጊዜ በመታየቱ 16ቱ ምስሎች 48 ብልጭታ ሆኑ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም 24 ምስሎችን መደበኛ ሲያደርግም፣ ባለ ሁለት ክንፍ መዝጊያ ያንኑ 48 ሰጠ። በዚህም የምስሎች ብዛትና የብርሃን እድሳት ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ተረጋገጠ።

ቴሌቪዥንም ከዚሁ ፈተና አላመለጠም። ቢቢሲ በኖቬምበር 1936 እ.ኤ.አ. ከለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ ሥርጭቱን ሲጀምር ሁለት ሥልቶች ይፎካከሩ ነበር። የቤርድ ሥልት 240 መስመር ያለውን ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ ያሳያል። የማርኮኒ ኢ ኤም አይ ሥልት ግን ባለ 405 መስመሩን ምስል ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ባላቸው መስመሮች ለሁለት ከፍሎ፣ መጋረጃውን በሰከንድ 50 ጊዜ ያበራል። የቤርድ ሥልት በ1937 ሲተው፣ ከጉድለቶቹ አንዱ ይኸው የብርሃን መንቀጥቀጥ ነበር። 50 የተመረጠው የብሪታንያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለነበረው ነው፤ አሜሪካም በዚሁ ምክንያት 60ን ያዘች። ኤሌክትሪኳ 50 ዙር የሆነው ኢትዮጵያም በቴሌቪዥን ከ50ዎቹ ወገን ተሰለፈች።

እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ ሠራ፤ በ1990ዎቹ በጃፓን ደማቁ ሰማያዊ ሲገኝ ባለ ሙሉ ቀለም ስክሪን እውን ሆነ። የዚህ ስክሪን ድምቀት የሚቀነሰው አምፖሎቹን እጅግ ፈጥኖ በማብራትና በማጥፋት ነው። በብዙ ስክሪኖች ላይም ረድፎቹ ተራ በተራ ይበራሉ። ስለሆነም የእድሳቱ ብዛት ወደ 960፣ 1920 እና 3840 ኸርዝ ከፍ አለ።

ለምን ይህን ያህል? አዲስ ተመልካች ስለመጣ ነው፤ ይኸውም ካሜራ ነው። የሰው ዓይን ፈጣኑን ብልጭታ አዋህዶ ያያል፤ በሰከንድ አንድ ሺኛ የሚከፈት ካሜራ ግን አያዋህድም። 960 ኸርዝ ባለው ስክሪን ፊት አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ስለሚዘጋ፣ በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ። በ1920 ኸርዝ ሁለት ያህል፣ በ3840 ደግሞ አራት ያህል ዙር ስለሚይዝ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ።

እንግዲህ ምርጫው ከዓላማው ይነሣል። አላፊ አግዳሚ ብቻ ለሚያየው የመንገድ ማስታወቂያ 1920 ኸርዝ በአብዛኛው ይበቃል። ቴአትርና ውዝዋዜ ለሚቀረጽበት መድረክ ግን 3840 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከካሜራው ጋርም የተቀናጀ ስክሪን ያስፈልጋል። ሆኖም ትልቁ ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይደለም። የአንድ ምስል ጊዜ ለብዙ እድሳት ሲከፋፈል፣ የመቆጣጠሪያው ቺፕ ደካማ ከሆነ በጨለማ ትዕይንት ውስጥ ያሉት ረቂቅ ጥላዎች ይጠፋሉ። ስለዚህ ስክሪኑ ከመገዛቱ በፊት ድምቀቱ ተቀንሶ፣ ሥራው በሚቀረጽበት በዚያው ካሜራ ሊፈተን ይገባል። ያረጀ ስክሪን በሌላ ይተካል፤ መስመር የተጋደመበት የአንድ ምሽት ትርኢት ቅጂ ግን ለመጪው ትውልድ እንደተበላሸ ይተላለፋል።