ዩኒኮድ፣ ስትሪንግ እና የአማርኛ ስሞች ፍለጋ

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለእያንዳንዱ ፊደል ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በዚህ ደረጃ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ «ሀ» 4608፣ «ለ» ደግሞ 4616 ቁጥርን ይዘዋል። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ቁጥር ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት አይነበብም ነበር።

እንደ ጃቫ ባሉ ኦብጀክት ኦሪየንትድ የፕሮግራም ቋንቋዎች ጽሑፍ የሚቀመጠው ስትሪንግ በተባለ ኦብጀክት ነው። ስትሪንግ የፊደላቱን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ይይዛል፤ ርዝመቱን የሚቆጥሩ፣ ከሌላ ስትሪንግ ጋር የሚያወዳድሩና ፊደል የሚተኩ ሜተዶችም አሉት።

የጃቫ ስትሪንግ የተዘጋጀው በ16 ቢት ክፍሎች ነው። የአማርኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ስለሚበቃቸው «አበበ» ሲቆጠር 3 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጨመሩት የጉራጌኛ ፊደላት ግን ቁጥራቸው ከ65,536 በላይ ስለሆነ ሁለት ሁለት ክፍል ይወስዳሉ። ርዝመትን በክፍል ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም እነዚህን ፊደላት እጥፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ አልፎም አንዱን ፊደል ከመሃል ሊቆርጠው ይችላል።

ትልቁ ችግር የሚታየው በማወዳደር ላይ ነው። አንዲት ሴት በአንድ መዝገብ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብላ ብትመዘገብ ለአንባቢ ስሟ አንድ ነው። «ፀ» 4928፣ «ጸ» 4920 በመሆናቸው ግን ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይወስዳቸዋል። በዚህም ምክንያት ባንክ ወይም ሆስፒታል የሄደች ደንበኛ ፋይሏ እያለ «የለም» ልትባል ትችላለች። ዩኒኮድም ቢሆን እነዚህን ፊደላት አያዋህድም። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ነውና ልዩነታቸው ትርጉም አለው።

መፍትሔው ባለቤቱ ስሙን የጻፈበትን ፊደል ሳይነኩ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ስትሪንግ ማዘጋጀት ነው። በዚህኛው «ሐ» እና «ኀ» በ«ሀ»፣ «ሠ» በ«ሰ»፣ «ዐ» በ«አ»፣ «ፀ» በ«ጸ» ከነእርባታቸው ይተካሉ፤ ድምፃቸው አንድ የሆነው «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» እንዲሁ ይዋሃዳሉ። የጃቫ ስትሪንግ አንዴ ከተፈጠረ ስለማይለወጥ፣ ፊደል የሚተካው ሜተድ አዲስ ስትሪንግ ይመልሳል እንጂ የመጀመሪያውን አይነካም። ፍለጋው በአዲሱ ይከናወናል፤ በደብተሩና በሰርተፍኬቱ ላይ የሚታተመው ግን ባለቤቱ የጻፈው ስም ይሆናል።