ፌኖባርቢታል፤ ከፍራይቡርግ እስከ ራያ ቆላ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሮቢት፣ የዞብል ተራሮች በምሥራቅ በኩል የሚታዩባት፣ ዙሪያዋን ማሽላ የሚበቅልባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። እንደ ሌላው የገጠር አገራችን ሁሉ፣ በዚህም የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ምድጃው ነው። እሳቱ መሬት ላይ ስለሚነድ፣ በድንገት የወደቀ ሰው እሳት ውስጥ ይወድቃል፤ ለሃጩ ይጋባል ተብሎ ስለሚፈራም የሚያነሣው እጅ ይዘገያል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የተለመደ ነው። ክብሪቱ ያዳነ የሚመስለው ግን ሕመሙ በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ስለሚያቆም ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም ከሺህ 5.2 መሆኑ ነው። የታወቀ ፀረ ሕመም መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ጠበልና ክታብ ከክኒን ቀድመው ደርሰዋል።

ክኒኑ ግን አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1912 ባየር ኩባንያ ፌኖባርቢታልን ሉሚናል በሚል ስም ለእንቅልፍ ባቀረበ ጊዜ፣ በፍራይቡርግ ወጣት ሐኪም የነበረው አልፍሬድ ሃውፕትማን ለሕሙማኑ ይሰጣቸው ነበር። እንቅልፍ ማምጣቱን ብቻ ሳይሆን የመውደቁም ቁጥር እንደ ቀነሰ አስተዋለ፤ በዚያው ዓመትም ጽፎ አሳተመው። ከዚያ በፊት ከ1857 ጀምሮ የሚሰጠው ብሮማይድ አእምሮን የሚያፈዝ፣ ቆዳንም የሚያበላሽ ነበር። ሃውፕትማን አይሁዳዊ በመሆኑ በ1938 ዳኻው ታስሮ፣ ኋላም ተሰዶ፣ በ1948 ቦስተን ላይ አረፈ። መድኃኒቱን በየቀኑ ከሚያዝዙት ባለሙያዎች ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

እንዴት እንደሚሠራ ግን እርሱም አላወቀም። አንጎል በሁለት ኃይሎች ሚዛን ይኖራል፤ አንዱ ያነሣሣል፣ ሌላው ይገታል። ከሚገቱት ዋነኛው ጋባ የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1950፣ ማለትም መድኃኒቱ 38 ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። ጋባ ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ፣ ከአምስት ክፍሎች የተገጣጠመው ተቀባይ መካከሉን እንደ በር ይከፍታል፤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ክሎራይድም ወደ ነርቭ ሕዋሱ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሕዋሱ በቀላሉ አይቀሰቀስም፤ የሕመሙም ማዕበል ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እንዳይዛመት ይገታል። ዲያዜፓም በሩ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ሲያደርግ፣ ፌኖባርቢታል ግን የተከፈተው በር ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ እንዲቆይ ያደርጋል። መጠኑ ከልክ ካለፈ ያለ ጋባም በሩን ሊከፍተው ይችላል፤ ትንፋሽን እስከ ማቆም የሚያደርሰው ይህ ነው።

አንጎል ይህን እርዳታ ከለመደ በኋላ የራሱን የመግታት ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሕመሙ እንደ ቀድሞው ብቻ አይመለስም፤ ከቀድሞው ብሶ፣ አንዳንዴም ያለ ፋታ እየተከታተለ ይመጣል።

በጎንደር ዙሪያ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሕሙማኑን በየወሩ እየተከታተሉ ፌኖባርቢታል እንዲሰጡ የተደረገው፣ ርካሽ መድኃኒት በቅርብ ካልተገኘ በሽተኛው እንደሚያቋርጥ ስለታወቀ ነው። በራያ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ከደረሰ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መንገዱም ተዘግቶ ቆይቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግመኛ ተመለሰ። ፌኖባርቢታል ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ3 እስከ 4 ቀን ይወስድበታል፤ አንድ ሌሊት ክኒኑን የረሳ ሰው ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ክኒኑ ያለቀበትና የሚገዛበት ያጣ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መድኃኒቱ ከደሙ ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል።