የድምፅ ማጉያ ታሪክ በጎጃም፤ ከጦር ሜዳ ጥሪ እስከ ቤት ስቱዲዮ

የሀገራችን የሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ገጣሚውና ስለ ዜማ ደራሲው ብዙ ይባላል፤ ድምፁ ከአድማጭ ጆሮ የሚደርስበት ሣጥን፣ ማለትም ድምፅ ማጉያው፣ ግን ብዙም አይነሣም። ይሁን እንጂ ይህ ሣጥን ከዘፈን ጋር ብቻ ሳይሆን ከጦርነትና ከመንግሥት ጋርም የተያያዘ ታሪክ አለው። ከዚሁ ታሪክ ከፊሉ የተፈጸመው በጎጃም ምድር ነው።

ዛሬ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማይክሮፎን ያለው ወጣት በተከራየው ክፍል ውስጥ የማሲንቆ ተጫዋችን፣ የዋሽንት ነፊን ወይም የቅኔ መምህርን ድምፅ ሊቀርጽ ይችላል። እንዲህ ላለው ወጣት ዋናው ጥያቄ፣ «አቅሜ በሚፈቅደው ዋጋ፣ የቀረጽሁትን በትክክል የሚያሰማኝ ድምፅ ማጉያ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከታሪኩ ተነሥቶ ለመመለስ መሞከር ነው። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ድምፅ ማጉያ እስከ ዛሬ ሦስት ሥራዎች ተሰጥተውታል፤ እነዚህም መጥራት፣ ማስደሰትና መመስከር ናቸው። ለአንዱ ሥራ የተበጀው ሣጥን ሌላውን ሥራ በሚገባ አይሠራም። አብዛኛውም የገዢ ስሕተት የሚመነጨው ለማስደሰት የተሠራውን መሣሪያ ለምስክርነት ከመጥራት ነው።

፩. መጥራት

የተቀረጸ ድምፅ ወደ ሀገራችን የገባው ከኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ በፊት ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት መልእክት በፎኖግራፍ ሲሊንደር የተቀረጸ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም እ.ኤ.አ. በ1899 ድምፃቸውን በዚያው ዘዴ አስቀርጸው መልሰዋል። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዚያን ጊዜ ድምፁን የሚያወጣው የቀንድ ቅርጽ ያለው ጡሩምባ እንጂ የኤሌክትሪክ ኃይል አልነበረም። ዛሬ በየሣጥኑ የምናገኘው፣ በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል የሚሠራው ማጉያ መልኩን ይዞ የወጣው ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ጥናታቸውን ካቀረቡ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ 20 ዓመት ሳይሞላ መሣሪያው ጎጃም ገባ፤ የገባውም ለዘፈን አልነበረም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የሱዳንን ወሰን ተሻግረው ወደ ጎጃም ከገቡ በኋላ፣ በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ የኢጣልያን ምሽጎች ያስጨንቅ ነበር። በዘመቻው አንድ የፕሮፓጋንዳ ክፍል ተካፋይ ነበር፤ የክፍሉም መሪ ቀደም ሲል በጋዜጠኝነት ኢትዮጵያን የሚያውቀው ጆርጅ ስቲር ነበር። ይህ ክፍል በአማርኛ የታተሙ ጽሑፎችን ከመበተን ሌላ፣ በድምፅ ማጉያ አማካይነት በኢጣልያ ሥር የተሰለፉት የቅኝ ግዛት ወታደሮች ጠላትን ከድተው እንዲመጡ ይጠራ ነበር። የቡሬ ምሽግ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ተለቀቀ፤ የኢጣልያ ጦርም ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ።

የጦር ሜዳ ድምፅ ማጉያ የሚመዘነው ቃሉን ምን ያህል ርቀት ባደረሰው ነው። ስለዚህም ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን ድምፅ ትቶ፣ ንግግር የሚሰማበትን መካከለኛ ድምፅ ብቻ ያጎላል። በየገበያውና በየአደባባዩ የምናየው የጡሩምባ ማጉያ የዚሁ ዘር ነው።

፪. ማስደሰት

የአዲስ አበባው ሬዲዮ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በተለይም በባትሪ የሚሠራው ትራንዚስተር ከመጣ ወዲህ፣ ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ወዳልደረሰበት የገጠር ቤት ሁሉ መግባት ቻለ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን ሲያቋቁም ሙዚቀኞቹ ባንድነት እየተጫወቱ በጥቂት ማይክሮፎኖች ይቀረጹ ነበር፤ ሸክላው ግን የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት ኋላ ሸክላውን ተክቶ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአውቶቡስ እስከ ቡሬ ገበያ ደረሰ።

ካሴቱን የሚያሰማው መሣሪያ ለገበያ የተሠራ ነው። የገበያ ሕግ ደግሞ ገዢው በሱቅ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ እንዲማረክ ያስገድዳል። ወፍራሙ ድምፅ ሲያብጥና ቀጭኑ ሲያብለጨልጭ ጆሮ ይደሰታል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል የሰው ጆሮ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ወፍራሙን ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ያንን ጨምሮ ይሸጣል። ይህ ለአድማጭ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ያው ሣጥን የቀራጭ መመዘኛ ሲሆን ነው፤ ሣጥኑ ያልነበረ ወፍራም ድምፅ ስለሚያሰማው፣ ቀራጩ ከቅጂው ላይ ወፍራሙን ይቀንሳል፤ ዘፈኑም ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ቀጥኖና ደርቆ ይሰማል።

፫. መመስከር

ለቀራጭ የሚያስፈልገው በልማድ ሞኒተር የሚባለው ሲሆን፣ ሥራው የተቀረጸውን ሳያሳምርና ሳያስከፋ ማሰማት ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ለድሃ ስቱዲዮ መልካም ዜና ይዟል፤ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ሞኒተሮች ብዙዎቹ ትናንሾች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ዋጋቸው መጠነኛ ነበር።

የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤል ኤስ 3/5ኤ የተባለውን ሣጥን የነደፈው ትላልቁ ማጉያ በማይገባበት የመስክ ሥርጭት መኪና ውስጥ የሰውን ንግግር ለመመዘን ነበር፤ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ኦራቶን የተባለው አሜሪካዊ ሣጥን ደግሞ አንዲት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ማጉያ ያለችበት ኩብ ነው፤ ስመ ጥር ቀራጮች ይፈልጉት የነበረውም ተራው አድማጭ በቤቱና በመኪናው የሚሰማውን ስለሚያሳያቸው ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤን ኤስ 10ን ያወጣው ለመኖሪያ ቤት ነበር። በዚያ መስክ ብዙ ባይመሰገንም፣ ነጭ ወረቀት ያለው ይህ ሣጥን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየአገሩ ስቱዲዮ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ መሠራቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ልኬት የተደገፈ ጥናት ምክንያቱን አመለከተ፤ ሣጥኑ ዝግ በመሆኑ ድምፁ ሲቋረጥ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ መካከለኛውንም ድምፅ በግልጽ ያወጣል። በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፊንላንዱ ጄኔሌክ በበኩሉ ለሀገሩ ሬዲዮ ባለቤቱ ኃይል ሰጪውን በሣጥኑ ውስጥ የያዘ ሞኒተር ሠራ። ዛሬ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሞኒተሮች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

፬. የጎጃም ድምፅ የሚጠይቀው

የሰው ድምፅ፣ ማሲንቆና ዋሽንት ዋነኛ መኖሪያቸው መካከለኛው ድምፅ ነው። ከዚህም በላይ በአማርኛ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል፤ «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም። የአዝማሪ ሰምና ወርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በዚህችው በማጥበቅና በማላላት፣ ቃሉንም ከፍሎ ወይም አያይዞ በማንበብ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ የቅኔ መፍለቂያ በሆኑበት ምድር፣ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ንባብ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል።

እንግዲህ የአንድ አረጋዊ መምህር ንባብ ሲቀረጽ፣ ጽሑፍ ሊይዘው ያልቻለውን የሚይዘው ቅጂው ብቻ ነው። የጠ፣ የጨና የቀ ፍንዳታ፣ የሰና የሸ ፉጨት የሚለዩት በሴኮንድ ከ2,000 ዑደት በላይ ባለው የድምፅ ክልል ነው። ሣጥኑ ይህን ክልል አጋንኖ ካሰማው ቀራጩ ከቅጂው ላይ ይቀንሰዋል፤ ቅጂውም ይደነዝዛል። መምህሩ ካለፉ በኋላ ማረሚያ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው የሙዚቃ ውበት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የቅርስ ጥያቄም ነው።

፭. አመራረጥ

አንደኛ፣ ገዢው መጠንና የዋት ቁጥር አያታልለው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በሴኮንድ 43 እና 57 ዑደት ገደማ ያለው ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ያብጣል። ትልቅ ማጉያ ይህን ሕመም ያባብሳል እንጂ አይፈውስም። 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ማጉያ ያለው ሣጥን፣ እንደ ያማሃ ኤች ኤስ 5 ወይም እንደ ጄ.ቢ.ኤል. 305 ያለው፣ ለእንዲህ ያለ ክፍል ይበቃል። ይህ መጠን የከበሮን ጥልቅ ድምፅ በሙሉ አያሰማም፤ ለዚያ ማረጋገጫ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይጨመራል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለጥንድ ካልበቃ ከሁለት ደካማ ሣጥኖች አንድ ደኅና ሣጥን ይሻላል። እነዚህ ሞኒተሮች በነጠላም ይሸጣሉ፤ የአንድ መምህር ወይም የአንድ አዝማሪ ድምፅ ደግሞ በአንድ ማይክሮፎን የሚቀረጽ ስለሆነ በአንድ ሣጥን ሊመዘን ይችላል። ሁለተኛው ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ እጅግ ስለቀነሰ፣ ይህ ምክር ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ሣጥን ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈው ይነበብ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በሀገራችን 220 ቮልት ይቃጠላል። ኃይል በሚዋዥቅበት ቦታም የቮልቴጅ ማረጋጊያ መጨመር ከጥገና ወጪ ያድናል።

አራተኛ፣ ክፍሉ ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ግድግዳ ከሲሚንቶ ልስን ይልቅ ብዙ ጊዜ ለቀራጭ ይመቻል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ግን በክረምት ዝናብ ሥራ ያስቆማል። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ሲሰቀል፣ ጭድ የተሞላ ጆንያም በማዕዘን ሲቆም፣ ነጸብራቁ ይቀንሳል። ጥንድ ሲሆን ሁለቱ ሣጥኖችና የአድማጩ ራስ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውም ክፍል በጆሮ ትክክል ይሁን።

አምስተኛ፣ መርካቶም ሆነ ባሕር ዳር ለመግዛት የሚሄድ ሰው በሱቁ ዘፈን አይመዝን። ባለቤቱን በአካል የሚያውቀውን፣ ራሱ የቀረጸውን ድምፅ ይዞ ይሂድ፤ በመጠነኛ ከፍታም ያሰማ። ያ ሰው በሣጥኑ ውስጥ ከመጠን በላይ ወፍሮ ወይም ተሳልቶ ከተሰማው፣ ሣጥኑ ቢያስደስትም አይግዛው። ሥራው ካለቀ በኋላም በስልክና በሚኒባስ ማጉያ ይፈትነው፤ የአብዛኛው ሰው መስሚያ እነዚህ ናቸውና።

በ1933 ዓ.ም. በጎጃም የተሰማው ድምፅ ማጉያ ከሩቅ የተሰለፉትን እንዲጠራ ነበር። ዛሬ በፍኖተ ሰላም በአንድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ሣጥን ሥራው የተለየ ነው፤ አጠገቡ ለተቀመጠው ለአንድ ሰው ብቻ እውነቱን መንገር አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የመካከለኛ መሣሪያ ዋጋ፣ ጥቂት ጆንያ ጭድና የተለማመደ ጆሮ ነው። የቅኔ መምህራኑና የማሲንቆ ሊቃውንቱ በሕይወት ሳሉ ይህ ወጪ ቢወጣ፣ የሚመጣው ትውልድ የጠበቀውን ከላላው ለይቶ ይሰማል።